ምዕራፍ አምስት፦ ፋይሉን የሚጠብቀው ማን ነው?

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ኖቬምበር 26 ቀን 2025 ረፋድ ላይ የብሪታንያ የገንዘብ ሚኒስትር ሬቸል ሪቭስ የመንግሥታቸውን በጀት ለፓርላማ ሊያቀርቡ ተዘጋጅተው ነበር። በዚያ አገር የበጀት ንግግር እስኪነበብ ድረስ ዝርዝሩ በጥብቅ ይጠበቃል። የትኛው ግብር እንደሚጨምርና መንግሥት ምን ያህል እንደሚበደር አስቀድሞ ያወቀ ሰው በፓውንድና በመንግሥት ቦንድ ገበያ ላይ ሌላውን ቀድሞ መነገድ ይችላልና። ሚኒስትሯ ገና ለንግግር ሳይነሱ ግን የበጀቱ ፍሬ ነገር በሮይተርስ ዜና ላይ ይነበብ ጀመር። 26 ቢሊዮን ፓውንድ የሚደርሰው የግብር ጭማሪ፣ የኢኮኖሚ ዕድገቱ ትንበያ፣ የብድሩ መጠን፣ ሁሉም ንግግሩ ሊጀመር ከ40 ደቂቃ በላይ ሲቀረው አደባባይ ወጣ። የፓውንድና የቦንድ ዋጋም ወዲያው ከፍ ዝቅ አለ።

ሰነዱ በስለላ አልተገኘም፤ ሾልኮ እንዲወጣ ያደረገ ሠራተኛም የለም። ምንጩ በ2010 የተቋቋመው ገለልተኛ ተቋም፣ የበጀት ኃላፊነት ጽሕፈት ቤት፣ የራሱ ድረ ገጽ ነበር። ተቋሙ በእያንዳንዱ በጀት ጊዜ የኢኮኖሚ ትንበያ ሪፖርት ያዘጋጃል፤ ሪፖርቱን ይፋ የሚያደርገውም ሚኒስትሩ ንግግራቸውን ሲጨርሱ ነው። ፒዲኤፉ ለሰዓቱ እንዲደርስ አስቀድሞ ድረ ገጹ ላይ ተጫነ። በየትኛውም ገጽ ላይ ሊንክ አልወጣለትም። ይሁንና የቀድሞው ሪፖርት አድራሻ «ማርች 2025» የሚል ነበረበት። «ማርች»ን አጥፍቶ «ኖቬምበር» ብሎ የጻፈ ሁሉ አዲሱ ሪፖርት ተከፈተለት።

በኋላ የሰርቨሩ መዝገብ ሲመረመር፣ ሰነዱን መጀመሪያ ያገኘው ጎብኚ ከማለዳው ጀምሮ ያንኑ አድራሻ ደጋግሞ ሲሞክር እንደነበር ታወቀ። ፋይሉ እስኪነሣ ድረስ 43 ጊዜ ተከፍቷል። በማርቹ ሪፖርት ጊዜም አንድ ጎብኚ ከሰዓቱ ቀድሞ ሰነዱን አግኝቶት ኖሯል፤ ያኔ ልብ ያለ ሰው አልነበረም። ምርመራው ጉዳዩን በተቋሙ የ15 ዓመት ታሪክ ከደረሱት ሁሉ የከፋ ውድቀት ብሎ መዘገበው። ሊቀ መንበሩ ሪቻርድ ሂዩዝም ዲሴምበር 1 ቀን ሥራቸውን ለቀቁ።

ምርመራው ሁለት ክፍተት አገኘ። ድረ ገጹ ይሠራ የነበረው ዎርድፕረስ በተባለ የድረ ገጽ መሥሪያ ሶፍትዌር ነው። ሰነዶችን ለማውረድ የተገጠመለት ተጨማሪ ፕሮግራም (ፕለጊን) ለፋይሉ በቀላሉ የሚገመት፣ የመግቢያ ፍተሻውንም የሚያልፍ አድራሻ ሰጠው። በሰርቨሩ በኩል ደግሞ ፋይሎቹ በቀጥታ እንዳይከፈቱ የሚከለክለው ቅንብር አልተደረገም። ሠራተኞቹ ግን ሰነዱ ሰዓቱ እስኪደርስ የተቆለፈ መስሏቸው ነበር። ይህ እምነት በለንደን ብቻ የተወሰነ አይደለም። በየአገሩ ትምህርት ቤቶች፣ ሆስፒታሎች፣ ባንኮችና የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የሰው ሰነድ ይረከባሉ፣ ገጹን በፓስዎርድ ይዘጋሉ፣ ፋይሉንም የዘጉት ይመስላቸዋል።

ገጹ ሌላ፣ ፋይሉ ሌላ

ነገሩ የሚጀምረው ድረ ገጽ ከሚሠራበት መንገድ ነው። በስክሪን ላይ አንድ ሆኖ የሚታየው ገጽ ለሰርቨሩ አንድ አይደለም። ጽሑፉ አንድ ጥያቄ ነው፤ እያንዳንዱ ፎቶ ሌላ ጥያቄ ነው፤ የተያያዘው ፒዲኤፍም እንዲሁ የራሱ ጥያቄ ነው። ብሮውዘሩ እነዚህን አንድ በአንድ ይጠይቃል፣ ሰርቨሩም አንድ በአንድ ይመልሳል። እያንዳንዱ የራሱ አድራሻ አለው። አድራሻውን የያዘ ሰው በገጹ በኩል ማለፍ አያስፈልገውም።

አንድ ተማሪ የኮሌጁ ድረ ገጽ ላይ ገብቶ ትራንስክሪፕቱን ሊያወርድ ነው እንበል። የተጠቃሚ ስሙንና ፓስዎርዱን ይሞላል። ከድረ ገጹ ጀርባ ያለው ፕሮግራም ማንነቱን ያረጋግጥና ገጹን ይከፍትለታል። በገጹ ላይ «ትራንስክሪፕት አውርድ» የሚል ሊንክ አለ። ተማሪው ሊንኩን ሲጫን ጥያቄው የሚደርሰው ግን ብዙ ጊዜ ወደዚያ ፕሮግራም አይደለም። ፋይሉ ለሁሉም ክፍት በሆነ ፎልደር ውስጥ ከተቀመጠ፣ አፓቼም ሆነ ኤንጂንኤክስ የተባለው የሰርቨር ሶፍትዌር ጥያቄውን ራሱ ተቀብሎ ፋይሉን ያስረክባል። ማን እንደጠየቀ አያጣራም፤ እንዲያጣራም አልታዘዘም። ግቢው በፊት ለፊት ዘበኛ ቆሞለት የጓሮው በር ሳይዘጋ እንደማደር ነው።

ሰርቨሮች እንዲህ የተሠሩት ያለ ምክንያት አይደለም። ድረ ገጽ ሲፈጠር ዓላማው ሰነድን ለፈለገው ሁሉ ማድረስ ነበር፤ ፋይልን ያለ ተጨማሪ ሥራ ማስረከብም እጅግ ፈጣን ነው። ለአርማ፣ ለጌጥ ፎቶ፣ ለሕዝብ ለሚሠራጭ ማስታወቂያ ይህ ፍጥነት ጥቅም ነው። ችግሩ የሚመጣው የአንድ ሰው የሕክምና ውጤት ከድርጅቱ አርማ ጋር በአንድ ፎልደር ሲቀመጥ ነው።

በዓለም ካሉት ድረ ገጾች ከ40 በመቶ በላይ የሚሆኑት የሚሠሩበት ዎርድፕረስ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። በተለመደው አሠራሩ የተጫነን ፋይል ሁሉ «አፕሎድስ» በተባለ ፎልደር ውስጥ፣ በዓመትና በወር ከፋፍሎ፣ ባለቤቱ በሰጠው ስም ያስቀምጠዋል። ጸሐፊው ጽሑፉን ገና በረቂቅ ይዞት ይሆናል፤ ገጹን በፓስዎርድ ዘግቶትም ይሆናል። ከገጹ ጋር የተያያዘው ፒዲኤፍ ግን በዚያው ፎልደር ውስጥ ለማንም ክፍት ሆኖ ይቀመጣል። ፎቶ ሲጫን ደግሞ ዎርድፕረስ በተለያየ መጠን በርካታ ቅጂዎችን በራሱ ያዘጋጃል። ዋናውን ፎቶ ብቻ የዘጋ ሰው ያነሱትን ቅጂዎች ክፍት ትቶ ይሄዳል፤ የመታወቂያ ቁጥር ደግሞ በትንሹ ቅጂም ላይ ይነበባል።

ከሰባ አምስት ጀምሮ

የፋይል ስም መገመት ካልከበደ፣ ቁጥር መገመት ደግሞ ከዚያም ይቀላል። ፈርስት አሜሪካን በካሊፎርኒያ ሳንታ አና የሚገኝ፣ በአሜሪካ በቤት ሽያጭ ጊዜ የባለቤትነት ዋስትና ከሚሰጡት ትላልቅ ኩባንያዎች አንዱ ነው። ቤት የሚገዛም የሚሸጥም ሰው ሰነዱን ለኩባንያው ያስረክባል፦ የባንክ ሒሳብ ቁጥር፣ አሜሪካውያን ከመንግሥት የሚሰጣቸው የሶሻል ሴኩሪቲ መለያ ቁጥር፣ የግብር ወረቀት፣ የመንጃ ፈቃድ ፎቶ፣ የገንዘብ ማስተላለፊያ ደረሰኝ። ኩባንያው እነዚህን ሰነዶች ለሚመለከታቸው ሰዎች የሚልከው በሊንክ ነበር። በሊንኩ መጨረሻ ዘጠኝ አኃዝ ያለው የሰነድ ቁጥር ይገኛል።

በሜይ 2019 የሳይበር ደኅንነት ጋዜጠኛው ብራያን ክሬብስ የጻፈው ዘገባ ብዙዎችን አስደነገጠ። ሊንክ የደረሰው ማንኛውም ሰው የመጨረሻውን አኃዝ በአንድ ከፍ ወይም ዝቅ ቢያደርግ የማያውቀው ሰው ሰነድ ይከፈትለታል። ፓስዎርድ አይጠየቅም። በዚህ መንገድ ሊደረስባቸው ይችሉ የነበሩት ሰነዶች 885 ሚሊዮን ያህል ነበሩ። ከሁሉም ዝቅተኛው ቁጥር 75 ሲሆን፣ የሚያመለክተውም በ2003 የተፈጸመን የቤት ሽያጭ ነው። ከ16 ዓመት በፊት ቤት ገዝቶ ኩባንያውን የረሳ ሰው እንኳ ሰነዱ በዚያ ቁጥር ሥር ክፍት ሆኖ ነበር ማለት ነው።

ክፍተቱን ያገኘው ክሬብስ ራሱ አይደለም። በቤት ግንባታ ሥራ የተሰማራ አንድ ሰው አይቶት ለኩባንያው ለማሳወቅ ቢሞክር ሰሚ ስላጣ ወደ ጋዜጠኛው ሄደ። የኒው ዮርክ የፋይናንስ አገልግሎት መሥሪያ ቤት ሲመረምር ደግሞ ከዚህ የባሰ ነገር ወጣ። የኩባንያው የራሱ የደኅንነት ባለሙያዎች ክፍተቱን በዲሴምበር 2018 ባደረጉት ፍተሻ አግኝተውት ነበር፤ ዘገባው እስከወጣበት ቀን ድረስ ግን አልተዘጋም። የአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ ተቆጣጣሪ ኮሚሽን የኩባንያው ከፍተኛ ኃላፊዎች ስለ ፍተሻው ውጤት ሳይነገራቸው ለባለ አክሲዮኖች መግለጫ መስጠታቸውን ጠቅሶ፣ በጁን 2021 ኩባንያው 487,616 ዶላር እንዲከፍል አደረገ። የኒው ዮርኩ መሥሪያ ቤትም በኖቬምበር 2023 አንድ ሚሊዮን ዶላር አስከፈለው።

ቅጣቱን ለሰነዶቹ ብዛት ማካፈል ያሳዝናል፤ ለአንድ ሰነድ አንድ ሳንቲም እንኳ አይደርስም። የሰው ልጅ ፓስዎርዱን ይቀይራል፣ የባንክ ካርዱን ይመልሳል፤ የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥሩንና የትውልድ ቀኑን ግን ዕድሜ ልኩን ይዞት ይኖራል።

ቁጥሩን የቀየረው ወጣት

እንዲህ ያለ ክፍተት ሲገለጥ ጥፋቱ በማን ላይ ይውደቅ የሚለው ጥያቄ በካናዳዋ ኖቫ ስኮሺያ ግዛት ከባድ ዋጋ አስከፍሏል። የግዛቲቱ መንግሥት ዜጎች በመረጃ ነጻነት ሕግ የሚጠይቋቸውን ሰነዶች የሚያወጣበት ድረ ገጽ ነበረው። ለሕዝብ የተለቀቁትም፣ ለአንድ ጠያቂ ብቻ የተሰጡትም ሰነዶች በአንድ ሥርዓት ውስጥ ተቀምጠው፣ አድራሻቸው በተከታታይ ቁጥር ያልቅ ነበር። በማርች 2018 አንድ የሃሊፋክስ ነዋሪ የ19 ዓመት ወጣት ቁጥሮቹን ተራ በተራ የሚጠራ አጭር ፕሮግራም ጽፎ ወደ 7,000 የሚጠጉ ሰነዶችን አወረደ። የሕዝብ መረጃ ድረ ገጽ ስለነበር በውስጡ ያለው ሁሉ የሕዝብ መስሎት ነበር። ከሰነዶቹ 250 ያህሉ ግን የሰዎችን እጅግ የግል መረጃ የያዙ ነበሩ።

ክፍተቱ የታወቀው አንድ የመንግሥት ሠራተኛ የአድራሻውን ቁጥር በስሕተት ሲጽፍ የማይገባው ሰነድ ሲከፈትለት ነው። በኤፕሪል ፖሊሶች የወጣቱን ቤት ፈተሹ፤ የቤተሰቡን ኮምፒውተሮች ወሰዱ፤ ወጣቱንም ያለ ፈቃድ ኮምፒውተር በመጠቀም ወንጀል ያዙት። ነገሩ በካናዳ ብዙ ክርክር አስነሣ። በሜይ 7 የሃሊፋክስ ፖሊስ ወጣቱ የሚከሰስበት ምክንያት እንደሌለ አስታውቆ ጉዳዩን ዘጋው። በጃንዋሪ 2019 የግዛቲቱ ዋና ኦዲተርና የግላዊነት ኮሚሽነር ያወጧቸው ሪፖርቶች ችግሩ አስቀድሞ ሊታይና ሊከለከል ይችል እንደነበር ገለጹ። ሥርዓቱ ሥራ ላይ የዋለው በቂ የደኅንነት ፍተሻ ሳይደረግበት ነበር።

ይህ ክርክር አዲስ አይደለም። በኦክቶበር 2002 ኢንቴንቲያ የተባለ የስዊድን ሶፍትዌር ኩባንያ የሩብ ዓመት የሒሳብ ሪፖርቱን ሊንክ ሳያወጣለት ድረ ገጹ ላይ ጭኖ ነበር። ሮይተርስ ከቀደሙት ሪፖርቶች አድራሻ ተነሥቶ አገኘውና ከኩባንያው ቀድሞ ዘገበው። ኢንቴንቲያ ለፖሊስ አቤት አለ፤ ክስ ግን አልተመሠረተም። ከዚያ 23 ዓመት በኋላ በለንደን የሆነው ነገር፣ የዜና ወኪሉን ጨምሮ፣ አንድ ዓይነት ነው።

ሰርቨር ጥያቄ ሲቀርብለት ፋይሉን ከሰጠ ፈቅዷል ማለት ነው የሚሉ አሉ፤ አድራሻ መገመት በር መግፋት ነው የሚሉም አሉ። ሕጉ በየአገሩ ይለያያል። ሰነዱን ላስረከበው ዜጋ ግን ዋናው ነገር ሌላ ነው። ቁጥር በመቀየር የሚከፈትን ፋይል ቅን ወጣት ከማግኘቱ በፊት ክፉ ሰው አግኝቶት ይሆናል፤ እንዲያ ያለው ደግሞ ለማንም አይናገርም።

ቁልፍ የሚመስሉ ነገሮች

ብዙ ድረ ገጾች ፋይላቸውን የጠበቁ የሚመስላቸው በአራት ልማዶች ነው።

የመጀመሪያው ሊንክ አለማውጣት ነው፤ የለንደኑ ታሪክ ለዚህ ይበቃል። ሁለተኛው «ሮቦትስ» የሚባለው የጽሑፍ ፋይል ነው። በ1994 በማርታይን ኮስተር ሐሳብ የተጀመረው ይህ አሠራር ለጉግልና ለመሰሎቹ የፍለጋ ፕሮግራሞች «እዚህ ፎልደር ውስጥ አትግቡ» ብሎ ይነግራል። ጨዋ ፕሮግራም ይታዘዛል፤ ያልፈለገ አይታዘዝም፤ የሚከለክለውም ነገር የለም። ፋይሉ ራሱ ለማንም ክፍት ስለሆነ፣ እንዲደበቁ የተፈለጉትን ፎልደሮች ስም ዝርዝር ለፈላጊው ያስረክበዋል።

ሦስተኛው የፎልደሩን ዝርዝር መዝጋት ነው። በፎልደሩ ውስጥ መነሻ ገጽ ከሌለና ሰርቨሩ ከተፈቀደለት፣ በውስጡ ያሉትን ፋይሎች ሁሉ ከነመጠናቸውና ከነቀናቸው ደርድሮ ያሳያል። ይህን መዝጋት ግዴታ ነው። ሆኖም የሚዘጋው ዝርዝሩ እንጂ ፋይሎቹ አይደሉም። የአንዱን ስም የሚያውቅ ወይም የገመተ አሁንም ይከፍተዋል።

አራተኛው ከሁሉም የተሻለው፣ ስለዚህም ከሁሉም ይበልጥ የሚያዘናጋው ነው፦ ለፋይሉ ማንም የማይገምተው ረጅም ስም መስጠት። በተለመደው ዘዴ የሚወጣ የዘፈቀደ መለያ 122 ቢት የዘፈቀደ አኃዝ ይይዛል። እየገመቱ እዚያ መድረስ በተግባር አይቻልም። ጉዳቱ ግን አድራሻው ራሱ ቁልፍ መሆኑ ነው፤ አድራሻ ደግሞ በየቦታው ይቀራል። በብሮውዘር ታሪክ ውስጥ ይመዘገባል፣ በቴሌግራም ቡድን ይተላለፋል፣ በኢሜይል ይላካል፣ በመሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ላይ ተከፍቶ ይረሳል። አንዴ የደረሰው ሰው ከሥራው ቢለቅም፣ ከደንበኝነቱ ቢወጣም፣ ፋይሉ ይከፈትለታል።

ትላልቆቹ ኩባንያዎችም በዚህ ተፈትነዋል። ጉግል በ2021 በድራይቭ ላይ የቆዩ የማጋሪያ ሊንኮች ተጨማሪ ቁልፍ እንዲይዙ አደረገ። በዚያው ዓመት ዩቲዩብ ከ2017 በፊት ሊንኩ ለያዘ ብቻ ተብለው የተጫኑ ቪዲዮዎችን ወደ ግል አዛወራቸው። ፌስቡክ ደግሞ ለዓመታት የተወቀሰበት ጉዳይ አለ። በ2009 አርስ ቴክኒካ የተባለው የቴክኖሎጂ ዜና ድረ ገጽ ተጠቃሚዎች ያጠፏቸው ፎቶዎች የቀጥታ አድራሻቸውን ለያዘ ሰው አሁንም እንደሚከፈቱ ዘገበ። ችግሩ የተፈታው በ2012 ነው። ባለቤቱ «አጥፋ» ብሎ ፎቶው ከገጹ ጠፋለት፤ ፋይሉ ግን ሰርቨሩ ላይ ነበር።

ፋይሉ ክላውድ ላይ ሲሆን

ዛሬ ብዙ ድርጅት ፋይሉን በራሱ ሰርቨር ላይ አያስቀምጥም። አማዞን በማርች 2006 «ኤስ ስሪ» የተባለውን ማከማቻ ከጀመረ ወዲህ፣ ፋይልን ተከራይቶ ማስቀመጥ ርካሽና ቀላል ሆኗል። ማከማቻው አዲስ ሲፈጠር ዝግ ነው። የሚከፍተው ሰው ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም ሥራው ለጊዜው እንዲሄድለት ብሎ።

በጁን 2017 ዲፕ ሩት አናሊቲክስ የተባለ የፖለቲካ መረጃ ኩባንያ የ198 ሚሊዮን ያህል አሜሪካውያን መራጮችን መረጃ በክፍት ማከማቻ ትቶ ተገኘ። በዚያው ክረምት የዳው ጆንስ ኩባንያ የ2.2 ሚሊዮን ያህል ደንበኞቹ መረጃ ሊታይ በሚችል ሁኔታ ተቀምጦ ተገኘ። የዚህኛው ምክንያት ትምህርት ይሰጣል። ማከማቻው «ማንነታቸው ለተረጋገጠ ተጠቃሚዎች» ተብሎ ተከፍቶ ነበር። ቃሉ የኩባንያውን ተጠቃሚዎች የሚል ይመስላል፤ በአማዞን አሠራር ግን በዓለም ላይ የአማዞን ክላውድ አካውንት ያለውን ሁሉ ያጠቃልላል፤ አካውንቱ ደግሞ በነጻ ይከፈታል። አማዞን በኖቬምበር 2018 ማከማቻ በስሕተት እንዳይከፈት የሚያግድ መቆለፊያ አወጣ፤ ከኤፕሪል 2023 ጀምሮ ደግሞ በአዳዲስ ማከማቻዎች ሁሉ ላይ ሳይጠየቅ እንዲበራ አደረገ።

ይህም ሆኖ ጉዳዩ አላበቃም። «ቲ» የተባለው የአሜሪካ መተግበሪያ ሴቶች ስለሚያውቋቸው ወንዶች እርስ በርስ የሚያስጠነቅቁበት ነው። ወንዶች እንዳይገቡ ተመዝጋቢዋ የፊቷንና የመታወቂያዋን ፎቶ እንድትልክ ትጠየቅ ነበር፤ ፎቶው ከተጣራ በኋላ እንደሚጠፋም ተነግሯት ነበር። በጁላይ 2025 የመተግበሪያው አሮጌ ማከማቻ ያለ ምንም ጥበቃ ክፍት መሆኑ ታወቀ። 72,000 ያህል ፎቶዎች ወጡ፤ ከነዚህ 13,000 ያህሉ ለማረጋገጫ የተላኩ የፊትና የመታወቂያ ፎቶዎች ነበሩ። ሊንኩ ማንነትን ሳይገልጹ በሚጻፍበት መድረክ ላይ ተለጠፈ። ለደኅንነታቸው ብለው የገቡት ሴቶች ፊትና ስም በማያውቋቸው ሰዎች እጅ ገባ። ይጠፋሉ የተባሉት ፎቶዎች በተባለው ጊዜ ጠፍተው ቢሆን ኖሮ ማከማቻው ክፍት ቢሆንም እነርሱ አይወጡም ነበር።

እውነተኛው ቁልፍ

መፍትሔው ከባድ ዕውቀት አይጠይቅም፤ ለዓመታት የታወቀ ነው። ሰርቨሩ ለዓለም የሚያሳየው አንድ ዋና ፎልደር አለው። የግል ሰነድ ከዚያ ፎልደር ውጭ ይቀመጣል። ያኔ በቀጥታ የሚያመራበት አድራሻ አይኖረውም፤ ወደ እርሱ የሚወስደው ብቸኛ መንገድ በፕሮግራሙ በኩል ይሆናል።

ፕሮግራሙም ጥያቄ በመጣ ቁጥር ሁለት ነገር ያጣራል። የመጀመሪያው «ጠያቂው ማን ነው?» ነው። ሁለተኛው «ይህ ሰነድ ይመለከተዋል?» ነው። ብዙ ድረ ገጾች በመጀመሪያው ይቆማሉ። የገባ ተጠቃሚ ሁሉ የሌላውንም ተጠቃሚ ሰነድ ቁጥር ቀይሮ እንዲያይ የሚሆነው ሁለተኛው ሲረሳ ነው። የድረ ገጽ ደኅንነትን የሚያጠናው ኦዋስፕ የተባለው ተቋም በየጥቂት ዓመቱ የሚያወጣው የአደገኛ ክፍተቶች ዝርዝር አለ። የመዳረሻ ቁጥጥር ጉድለት የሚባለው ይህ ዓይነቱ ስሕተት በ2021 በዝርዝሩ አንደኛ ሆኗል።

ፍጥነት የሚያሳስባቸው ገንቢዎችም መልስ አላቸው። በኤንጂንኤክስም በአፓቼም ፕሮግራሙ ማጣራቱን ከጨረሰ በኋላ ለሰርቨሩ በውስጥ መስመር «ይህን ፋይል ስጠው» ብሎ ማዘዝ ይችላል። ማጣራቱ የፕሮግራሙ ይሆናል፣ ማስረከቡ የሰርቨሩ። በክላውድ ማከማቻ ደግሞ ፊርማ ያለበትና ጊዜው የሚያልፍ ሊንክ ይሰጣል። በአማዞን ማከማቻ እንዲህ ያለው ሊንክ ቢበዛ ሰባት ቀን ይቆያል፤ ለትራንስክሪፕት ወይም ለሕክምና ውጤት ግን አምስት ደቂቃ ይበቃል።

ከዚህ በኋላ የሚቀሩት ትንንሽ የሚመስሉ ሥራዎች ናቸው። ፋይሉ ባለቤቱ በሰጠው ስም ሳይሆን በዘፈቀደ ስም ይቀመጥ፤ የድሮ ስሙ በዳታቤዝ ይያዝ። በመካከል ቅጂ የሚይዙ አገልግሎቶች የግል ሰነድን ቅጂ እንዳያስቀሩ በምላሹ ላይ ይነገራቸው። ሥራው ያለቀ ሰነድ በቀኑ ይጥፋ። ማን የትኛውን ፋይል መቼ እንደከፈተ ይመዝገብ፤ መዝገቡንም የሚያይ ሰው ይመደብ። በለንደን የማርቹ ሙከራ በመዝገቡ ላይ ነበር፤ ያየው ቢኖር የኖቬምበሩ ነገር ባልደረሰም ነበር።

ፍተሻው ደግሞ ለማንም ይቀላል። የድርጅቱ ሠራተኛ የራሱን ሰነድ አድራሻ ገልብጦ፣ ምንም ባልገባበት የብሮውዘር የግል መስኮት ውስጥ ይለጥፈዋል። ቀጥሎ በሌላ የሙከራ አካውንት ገብቶ ያንኑ ይደግማል። በሁለቱም ጊዜ መከልከል አለበት። ሰነዱ ከተከፈተ ሥራው አላለቀም።

የኢትዮጵያውያን ሰነድ

ኢትዮጵያውያንም ሰነዳቸውን በስክሪን ማስረከብ ከጀመሩ ቆይተዋል። ሥራ ፈላጊው ዲግሪውንና የሥራ ልምዱን ይጭናል። ለባንክ ብድር የሚያመለክት የቤት ካርታውን ስካን አድርጎ ይልካል። የኢትዮጵያን የኤሌክትሮኒክ ቪዛ የሚጠይቅ ትውልደ ኢትዮጵያዊም፣ ከዋሽንግተንም ይምጣ ከቴል አቪቭ፣ የፓስፖርቱን ገጽና ፎቶውን ይጭናል። ሰነዱ ከዚያ በኋላ በየትኛው ፎልደር እንደተቀመጠ ላኪው የሚያውቅበት መንገድ የለም። ስለዚህ ኃላፊነቱ ሙሉ በሙሉ የተቀባዩ ነው።

በ2016 ዓ.ም. የጸደቀው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ይህን ኃላፊነት በሕግ አስቀምጦታል። የሰውን መረጃ የሚይዝ አካል ተገቢውን የቴክኒክና የአሠራር ጥበቃ ማድረግ አለበት፤ ጥሰት ሲደርስም ማሳወቅ ይጠበቅበታል። ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። በሌላ በኩል በ2008 ዓ.ም. የወጣው የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ ወደ ኮምፒውተር ሥርዓት መግባትን በወንጀል ይቀጣል። ሁለቱም ያስፈልጋሉ። በሁለቱ መካከል ግን በቅንነት ክፍተት አይቶ መናገር የሚፈልግ ሰው ይቆማል፤ እንደ ሃሊፋክሱ ወጣት እንዳይያዝ ይፈራል፣ እንደ ቤት ገንቢውም ሰሚ ያጣል።

ለዚህ የሚረዳ ቀላል አሠራር በኤፕሪል 2022 በኢንተርኔት ደረጃዎች ሰነድ ቁጥር 9116 ወጥቷል። ድርጅቱ በድረ ገጹ በታወቀ ቦታ ላይ አጭር የጽሑፍ ፋይል ያስቀምጣል። በውስጡ የደኅንነት ክፍተት ያገኘ ሰው በየትኛው ኢሜይል እንደሚጽፍና ፋይሉ እስከ መቼ ዋጋ እንዳለው ይገልጻል፤ ከፈለገም ድርጅቱ አቤቱታውን እንዴት እንደሚያስተናግድ ወደሚናገር ገጽ ሊንክ ይጨምራል። ጽፎ ለማስቀመጥ ከግማሽ ሰዓት በላይ አይወስድም። የሰው ፓስፖርት፣ ዲግሪ ወይም የሕክምና ወረቀት የሚረከብ ባንክ፣ ዩኒቨርሲቲና መሥሪያ ቤት ሁሉ ይህን ፋይል ሊያስቀምጥ፣ የሚመጣውንም መልእክት የሚያነብና የሚመልስ ሠራተኛ ሊመድብ ይገባዋል።